ጥያቄ ስጠይቀው ጥያቄውን መልሶ የሚነግረኝ ተማሪ፦ ምን ይደረግ?

ፊደል ቆጣሪ

ሰላም ለሁላችሁ። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ክፍሌ ውስጥ ኦቲዝም እንዳለበት በሐኪም የተረጋገጠ የ5 ዓመት ከመንፈቅ ወንድ ልጅ አለ። ጆሮው ተመርምሯል፣ ይሰማል። አነጋገሩ ጥርት ያለ ነው፤ ግን አብዛኛው የሌላ ሰው ንግግር ነው። ሦስት ነገር ልጠይቅ።

አንደኛ፣ «ውሃ ትፈልጋለህ?» ስለው «ውሃ ትፈልጋለህ» ይላል። አንዳንዴ ብርጭቆውን ይቀበለኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ፊቱን ያዞራል። ሁለተኛ፣ ከቴሌቪዥን የያዘውን ይደጋግማል። በተለይ ፊደል እየጻፍን ሳለ «ውድ ተመልካቾቻችን፣ ከአጭር እረፍት በኋላ እንመለሳለን» ይልና ከወንበሩ ይነሳል። ሦስተኛ፣ ከኋላው የሚቀመጡ ልጆች ስድብ እየነገሩ ያስደግሙታል። የእነሱን ጨዋታ ግን ተመልክቶ አብሮ አይጫወትም።

ወላጆቹ «እንደ በቀቀን መድገሙን አስተዪልን» ይላሉ፤ መድኃኒት ይኖረው እንደሆነም ጠይቀውኛል። ረዳቴ በደገመ ቁጥር «ዝም በል» ትለዋለች። ነገ ክፍል ገብቼ ልሠራበት የምችለው ነገር ብትነግሩኝ።

የንግግር ባለሙያ

እህቴ፣ መጀመሪያ ረዳትሽን «ዝም በል» ማለቱን አስተዪያት። ልጁ ገና የራሱን ዓረፍተ ነገር መገንባት ስላልቻለ የሰማውን እንዳለ እየተጠቀመበት ነው። ይህ ሲከለከል የሚተካው ነገር የለውምና ወይ ዝም ይላል ወይ መጮህና መግፋት ይጀምራል። መድኃኒትን በተመለከተ፣ መድገምን የሚያቆም መድኃኒት የለም። አሜሪካ ውስጥ ለኦቲዝም የተፈቀዱት ሪስፔሪዶንና አሪፒፕራዞል የተፈቀዱት ለከባድ ቁጣና ራስን ለሚጎዳ ባህሪ እንጂ ለንግግር አይደለም።

የሕፃናት የአእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 በ11 ልጆች ላይ ኦቲዝምን ሲገልጽ ይህን ድግግሞሽ ጽፎታል። ከዚያ በኋላ ግን ለረጅም ዓመታት ትርጉም የለሽ ልማድ ተደርጎ ታየ። በ1981 ተመራማሪዎቹ ባሪ ፕሪዛንትና ጁዲት ዱካን ቃሉን ብቻ ሳይሆን አብሮት ያለውን እይታና እንቅስቃሴ ቆጥረው ወዲያው የሚደገም ንግግር 7 ዓይነት ሥራ እንዳለው አሳዩ። ክፍል ውስጥ የሚያስፈልጉሽ አምስቱ ናቸው፦ «አዎ» ማለት፣ መለመን፣ ተራውን መውሰድ («አንቺ ተናገርሽ፣ እኔም ልናገር»)፣ ራሱን ማረጋጋት ወይም መምራት፣ እና ከመመለሱ በፊት በዝቅተኛ ድምፅ መለማመድ። ጥያቄው ስላልገባው ብቻ የሚደግምበት ጊዜም አለ።

የትኛው እንደሆነ በግምት አይታወቅም። ደብተር ያዢና ለአንድ ሳምንት አራት ዓምድ ሙዪ፦ ምን አለ፣ ከዚያ በፊት ምን ሆነ፣ ዓይኑና እጁ የት ነበሩ፣ ቀጥሎ ምን ሆነ። ከ20 እስከ 30 መስመር ይበቃል። ብዙ ሰው ሦስተኛውን ዓምድ ይዘለዋል፤ ቁልፉ ያለው ግን እሱ ላይ ነው። ቃሉ አንድ ዓይነት ሆኖ እጁ ወደ ብርጭቆው ከሄደ «አዎ» ነው። ዓይኑ አንቺ ላይ ሆኖ እጁ ካልተንቀሳቀሰ ተራውን እየወሰደ ነው። ጫጫታ ሲበዛ እየተወዛወዘ ከደገመና ጫጫታው ሲቆም ካቆመ ራሱን እያረጋጋ ነው።

ለውሃው ጉዳይ አጭር ፈተና አለ። የሚወደውን ነገር በእጅሽ ይዘሽ «ሙዝ ትፈልጋለህ?» በይው። ሌላ ጊዜ የማይወደውን ይዘሽ በዚያው ድምፅ ጠይቂው። ለሁለቱም እኩል ከደገመ ቃሉን እንደ መልስ አትውሰጂ፤ እጁንና ፊቱን አንብቢ።

ከዚያ የአነጋገርሽን መልክ ለውጪ። ጥያቄና ትእዛዝ ሲበዛ፣ ዓረፍተ ነገር ሲረዝም፣ ርዕሱ አዲስ ሲሆን ድግግሞሹ ይጨምራል። ለአንድ ጥያቄ ሦስት ያህል ተራ ንግግር ይኑርሽ፦ «ውሃው ቀዝቃዛ ነው»፣ «ብርጭቆው ሞላ»፣ «ኦ፣ ፈሰሰ»። ተናግረሽ ስትጨርሺ በልብሽ እስከ 10 ቁጠሪ። እኛ ሁለት ሰከንድ ጠብቀን ጥያቄውን እንደግማለን፤ ያኔ ልጁ ሊመልስ ሲል አዲስ የሚደገም ነገር ይመጣበታል።

አሁን ወደ ዋናው። ልጁ የሚይዘው አንቺ ያልሽውን እንዳለ ነውና እሱ ሊለው የሚገባውን በእሱ አፍ ሆነሽ በይለት። «ራበህ?» ካልሽው ሲርበው «ራበህ» ይላል፤ ስለዚህ ምግብ ሲያይ «ራበኝ» በይለት። አማርኛ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ግሱ የሰሚውን ጾታ ተሸክሞ ይሄዳል። «ውሃ ስጪኝ» ብለሽ ካስያዝሽው ነገ አባቱንም «ስጪኝ» ይለዋል፣ ይሳቅበታል፣ ይታረማል፣ መጠየቁን ይተዋል። መጀመሪያ የምታስይዢው ሰሚው ሲቀየር የማይቀየረውን ይሁን፦ «ውሃ ልጠጣ»፣ «ሽንት ቤት ልሂድ»፣ «እኔ ልክፈተው»፣ «በቃኝ»፣ «አልፈልግም»፣ «አመመኝ»፣ «በረደኝ»። ለወንድም ለሴትም ልጅ ያው ናቸው። «ስጠኝ/ስጪኝ» ቆይቶ ይመጣል።

«በል» የምትለዋን ቃል ደግሞ ከአፍሽ አውጪ። «ውሃ ልጠጣ በል» ስትዪው «ውሃ ልጠጣ በል» ይላል። በአማርኛ «በል» መጨረሻ ላይ ስለምትመጣ ከሁሉ በላይ ጆሮው ውስጥ የምትቀረው እሷ ናት። ይልቅ ረዳትሽ ከልጁ ጎን ወይም ከኋላው ትሁን። አንቺ ፊት ለፊት ብርጭቆ ይዘሽ ዝም ብለሽ ጠብቂ፤ እሷ በጆሮው «ውሃ ልጠጣ» ትበል። ልጁ ሲደግም ወዲያው ስጪው። ስትቀንስ ከመጨረሻው ጀምራ ትቀንስ፦ «ውሃ ልጠ...»፣ ከዚያ «ውሃ...»፣ ከዚያ ትንፋሽ ብቻ። ቶሎ ካልቀነሰች ልጁ የእሷን ሹክሹክታ መጠበቅ ይለምዳል።

«ከአጭር እረፍት በኋላ እንመለሳለን» ያልሺውን ሳነብ ተደስቻለሁ። ምን ይበል ታዲያ? እረፍት እየጠየቀሽ ነው፣ እንደሚመለስም ጭምር እየነገረሽ። ካነር በ1946 የጻፈው ልጅ ነበር፤ እናቱ ሆቴል ውስጥ «ውሻውን ከሰገነት ላይ አትወርውር» ብላው ነበር፣ የአሻንጉሊት ውሻ ማለቷ ነው። ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ነገር ሊወረውር ሲቃጣው ይህንኑ ለራሱ ይላል። ቆይቶ የሚደገም ንግግር ምንጩ ካልታወቀ እብደት ይመስላል፣ ሲታወቅ ግን ቦታው ላይ ቁጭ ያለ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የቴሌቪዥኑን ሐረግ ሲል «እረፍት ልውጣ» በይለት፣ 2 ደቂቃ ስጪው፣ የአሸዋ ሰዓት ወይም የስልክ ደወል ይኑር፣ ሲመለስ ያቆመባት ፊደል ላይ አስቀጥዪው። በስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደሚለው መዝግቢ፤ በ6ኛው ከሆነ እረፍቱን በ5ኛው አንቺ ቅደሚው። አንድ ቀን «ከአጭር ውሃ በኋላ እንመለሳለን» ካለሽ እንዳታርሚው! ሐረጉን ሰንጥቆ የራሱን ቃል አስገባ ማለት ነው።

ባህሪ ላይ የምሠራ

ከላይ ያለው ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ልጨምር። ልጁ የማያውቀውን ሲጠየቅ ነው በብዛት የሚደግመው። ተመራማሪዎቹ ሽራይብማንና ካር እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳዩት ቀላል መፍትሔ አለ፦ «አላውቅም» ማለትን ማስተማር። መልሱን እንደማያውቅ እርግጠኛ የሆንሽበትን ጥያቄ ጠይቂ፣ ወዲያው «አላውቅም» ብለሽ አሳዪ፣ ሲል አመስግኚና መልሱን ንገሪው። በመሃል የሚያውቃቸውን ጥያቄዎች ማደባለቅ ግዴታ ነው። ካላደባለቅሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ «ስምህ ማን ነው?» ስትዪውም «አላውቅም» ይልሻል።

ሌላው በ1986 ማክሞሮውና ፎክስ የሠሩበት ነው። ጣትሽን ከፍ አድርገሽ ዝም እንዲል ምልክት ትሰጪያለሽ፣ ጥያቄውን ትጠይቂያለሽ፣ ለአንድ አፍታ ትቆዪያለሽ፣ ከዚያ መልሱ ወደሆነው ዕቃ ወይም ሥዕል ትጠቁሚያለሽ። የዕቃውን ስም ለሚያውቅ ልጅ ይሠራል፤ ስሙን ለማያውቅ ልጅ ምንም አይረዳውም።

የንግግር ባለሙያ

«አላውቅም» ላይ እስማማለሁ። የጣቱን ምልክት ግን ለዚህ ልጅ አልመክርም፤ ብዙውን ጊዜ ልጁ የሚማረው ጣት ሲያይ ዝም ማለትን ነው፣ ልመናውም አብሮ ይጠፋል። ምናልባት የቀኑን ስም፣ ቀለምና ቁጥር ለመሳሰሉ አጫጭር የክፍል ጥያቄዎች ብቻ።

ሰሞኑን ኢንተርኔት ላይ የሚወራ «ጌስታልት» የሚባል አካሄድም አለ፤ ልጁ ከሙሉ ሐረግ ወደ ቅንጥብጣቢ፣ ከዚያ ወደ ነጠላ ቃል፣ ከዚያ ወደ ራሱ ዓረፍተ ነገር ይሄዳል ይላል። የቋንቋ ተመራማሪዋ አን ፒተርስ በ1970ዎቹ ያነሳችው ሐሳብ ነው፣ የንግግር ባለሙያዋ ማርጅ ብላንክ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ሠርታዋለች። ሐረጉን ማክበሩና ጥያቄ መቀነሱ ጥሩ ነው። ነገር ግን «ሐረግ የሚደግም ልጅ ነጠላ ቃል አይማር፣ የሥዕል ሰሌዳም አይሰጠው» የሚሉ አሠልጣኞች አሉ፤ ለዚህ ክልከላ በቂ ማስረጃ የለም። ሥዕል ያስፈልገዋል ብለሽ ካሰብሽ ስጪው።

ሐዋሳ ልዩ ፍላጎት

ስድቡን እኔ ልመልስ። ስድብ ቶሎ የሚያዘው በስሜት ስለሚነገርና ሁሉም ዘወር ብሎ ስለሚያይ ነው። ፊትሽ ላይ ምንም አይታይ፤ አትሳቂ፣ አትቆጪ፣ «እንዲህ አይባልም» ብለሽም ቃሉን መልሰሽ አትጥሪለት። በተመሳሳይ ኃይልና ዜማ የሚባል ሌላ ነገር ስጪው፤ «እንዴ! እንዴ! እንዴ!» ብዙ ልጆች ይወዱታል። የሚያስደግሙትን ልጆች ግን ዝም ብሎ ማለፍ የለም። መቀመጫውን ለውጪ፤ ለእነሱ የሚደግመው ሰዳቢ ስለሆነ እንዳልሆነ በቀጥታ ንገሪያቸው። ለምን እንደሚደግም ሲገባቸው ብዙዎቹ ይተዋሉ፤ የማይተው አንድ ሁለት ካሉ ወላጅ ይጠራ።

ንግግር እየደገመ ጨዋታ አለመኮረጁ ብዙ ሰው ግራ ያጋባል። ሁለቱ አንድ ችሎታ አይደሉም፤ ኦቲዝም ያላቸው ብዙ ልጆች ድምፅን ጥርት አድርገው እየደገሙ የእጅ ሥራንና የፊት ገጽታን መኮረጅ ይከብዳቸዋል። ለዚህ ተመራማሪዋ ብሩክ ኢንገርሶል ያዘጋጀችው ዘዴ ክፍል ውስጥ በቀላሉ ይሠራል። ከሁሉም ነገር ጥንድ ያዢ፦ ሁለት ስኒ፣ ሁለት ማንኪያ፣ ሁለት የጠርሙስ ክዳን፣ ሁለት ትንሽ መኪና። ወለል ላይ ፊት ለፊቱ ተቀመጪና *አንቺ እሱን ኮርጂ*። ክዳን ካሽከረከረ አሽከርክሪ፣ ስኒ ከደበደበ ደብድቢ፣ የሚሠራውን በአጭሩ ተናገሪ፦ «ዞረ ዞረ ዞረ»። ጥቂት ቆይቶ ቀና ብሎ ያይሻል፤ ሊፈትንሽም ሆን ብሎ ይለውጣል። ያኔ በየደቂቃው አንድ ጊዜ ያህል አዲስ ነገር አሳዪ፣ ለምሳሌ ስኒውን በክዳኑ መክደን። አንዱን ድርጊት እስከ ሦስት ጊዜ አሳዪ፤ በሦስተኛው ካልኮረጀ እጁን ቀስ ብለሽ ደግፊው፣ ደስ ይበልሽና ወደ እሱ ጨዋታ ተመለሺ። እጁን መያዝ የሚያስፈራው ልጅ ከሆነ አትያዢው፣ ዝለዪው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አዲሱን ነገር በየአምስት ሰከንዱ እያሳየ ጨዋታውን ፈተና ሲያደርገው ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ውጭ አገር ላላችሁ ወላጆች አጭር ማሳሰቢያ። ልጁ ካርቱን በእንግሊዝኛ ስለሚደግም «አማርኛውን ተዉት፣ ያደናግረዋል» የሚላችሁ ይኖራል። ሁለት ቋንቋ መስማት የኦቲዝም ልጆችን ንግግር እንደሚያዘገይ ጥናቶች አላሳዩም፤ አማርኛውን ከተዋችሁ ልጁ ከአያቱ ጋር የሚያወራበት ይጠፋል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፦ አማርኛ የማያውቅ ቴራፒስት ልጁ «በሉ ግቡ፣ ዝናብ መጣ» ሲል ሰምቶ «ትርጉም የሌለው ድምፅ» ብሎ ይጽፋል። አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ስጡት፤ ልጁ የሚለው በእንግሊዝኛ ፊደል እንደሚሰማው፣ ከየት እንደያዘው፣ መቼ እንደሚለው፣ እኛ ምን እንደምንመልስ። አሜሪካ ውስጥ ትምህርት ቤቱ በተቻለ መጠን በልጁ ቋንቋ መገምገም በሕግ ግዴታው ነው፤ አስተርጓሚ ጠይቁ።

እንግዳ

ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። የእህቴ ልጅ 15 ዓመቷ ነው፣ ኦቲዝም እንዳለባት የታወቀው በቅርብ ነው። እሷ ቃል አትደግምም፤ ግን የጓደኛዋን ሳቅ፣ አካሄድ፣ አነጋገር ሁሉ ትይዛለች። ጓደኛ ስትቀይር ሁሉም ይቀየራል። ትምህርት ቤት «ምን የመሰለች ጨዋ» ይሏታል፣ ቤት ስትገባ ግን ተዘግታ ታለቅሳለች። ይህም ከዚህ ጋር ይገናኛል?

የሥነ ልቦና ባለሙያ

ይገናኛል፣ ግን ሥራው ሌላ ነው። ትንሹ ልጅ ለመናገር ይደግማል፤ እሷ ላለመታየት ትኮርጃለች። ተመራማሪዋ ላውራ ሃልና ባልደረቦቿ ይህን ለመለካት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት መጠይቅ 25 ጥያቄ አለው፤ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 7 ነጥብ፣ ድምሩ ከ25 እስከ 175። ሦስት ነገር ይለካል፦ የጎደለውን በልምምድ ማካካስ (መስታወት ፊት ፊትን ማለማመድ፣ ሐረግ አስቀድሞ ማጥናት)፣ ራስን መሸፈን (እጅን ደብቆ መያዝ፣ በግድ ዓይን ማየት)፣ እና ሰው መሃል እንደ ተዋናይ ሆኖ መቆየት። ለአዋቂ የተሠራ ነው፤ ኦቲዝምን ለመመርመሪያም አያገለግልም። ለውይይት መነሻ ግን ይሆናል።

እኛ ጋ ሴት ልጅ ስትሆን ዘግይቶ የሚታወቅበት አንዱ ምክንያት እናንተው የጻፋችሁት ነው። ዝም ያለች፣ ታላቅን ዓይን ዓይኑን የማታይ ልጅ ትመሰገናለች እንጂ አትመረመርም። ዋጋው ግን ከባድ ነው፦ ብዙ መሸፈን ከጭንቀት፣ ከድብርትና ራስን ከማጥፋት ሐሳብ ጋር አብሮ ይገኛል። ልቅሶው በየቀኑ ከሆነ፣ እንቅልፍና ምግብ ከቀነሰች፣ ስለ ሞት ካወራች ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ውሰዷት።

ቤት ውስጥ፦ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለ30 ደቂቃ ያህል «ዛሬ እንዴት ዋልሽ?» አይጠየቅ። መብራት ቀነስ ይበል፣ ምግብ ሳታወራ ትብላ። እንግዳ ከመጣ ሰላም ብላ መግባት ትችል፤ ቡና እስኪያበቃ መቀመጥ የለባትም። «ራስሽን ሁኚ» አትበሏት፤ ለብዙዎቹ ይህ አዲስ ተግባር ይሆንባቸዋል። ይልቅ ወረቀት ላይ የምትኮርጃቸውን ነገሮች አብራችሁ ጻፉና ለሁለት ክፈሉ። ባንክ፣ ታክሲ፣ ሐኪም ቤት የምትጠቀምባቸው የተጠኑ ሐረጎች ይቆዩላት፣ ይጠቅሟታል። የሚያደክማት ነገር፣ ለምሳሌ የማያስቅ ነገር ላይ መሳቅ፣ ከአንዲት ከምታምናት ጓደኛ ጋር ብቻ መተው ይጀመር። አንድ ነገር፣ አንድ ሰው ፊት። ጓደኞቿ ያሏትን ሁሉ የምታደርግ ከሆነም «እስቲ ላስብበት፣ ነገ እነግርሻለሁ» የሚለውን ሐረግ አስጠኗት። እምቢ ማለት የሚያቅታት ልጅ እንኳ ይህንን ማለት ትችላለች።

ፊደል ቆጣሪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ሰኞና ረቡዕ ረዳት የለኝም፣ «ውሃ ልጠጣ» የሚልለት ሁለተኛ ሰው ከየት ላምጣ? ደግሞ ባለፈው ወር ሲያመው ክሊኒክ «ሆድህን ነው?» ሲሉት «ሆድህን» አለ፤ የታመመው ግን ጆሮው ነበር።

የንግግር ባለሙያ

ለመጀመሪያው፣ የስልክሽ ድምፅ መቅጃ ይበቃል። የሌላ ልጅ ድምፅ፣ ቢቻል የእሱ ዕድሜ የሆነ ልጅ፣ «ውሃ ልጠጣ» ብሎ ይቀዳ። ስልኩን ከልጁ ጎን አስቀምጪ፣ ብርጭቆውን ይዘሽ ጠብቂ፣ 10 ቆጥረሽ ዝም ካለ አጫውቺው። የራስሽን ድምፅ አትጠቀሚ፤ ከፊቱ ያለሽው ሰሚዋ አንቺ ነሽና ይምታታበታል። ክፍሉ ውስጥ ረጋ ያለ ተማሪ ካለ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል፤ አጠገቡ ተቀምጦ ከእሱ በፊት «ውሃ ልጠጣ» ይበልና ውሃ ይቀበል። ልጁ ያያል፣ ይሰማል፣ ተራው ይደርሳል።

ለክሊኒኩ፣ ምርጫውን ገልብጣችሁ ጠይቁ። «ሆድህን ነው ወይስ ጆሮህን?» ካላችሁ በኋላ ትንሽ ቆይታችሁ «ጆሮህን ነው ወይስ ሆድህን?» በሉ። ሁለቱንም ጊዜ መጨረሻ ላይ የተጠራውን ከመለሰ መልስ አላገኛችሁም፤ የሰው ሥዕል ላይ በጣቱ ያሳይ፣ ወይም ሐኪሙ እየነካ ፊቱን ይመልከት። ይህንን በወረቀት ጽፈሽ ለወላጆቹ ስጪያቸውና ከክትባት ካርዱ ጋር ያኑሩት። ወላጆቹ ራሳቸው መሠልጠን ከፈለጉ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ተንከባካቢዎች ያዘጋጀው ሥልጠና ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል፤ 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ነው። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ጆይ ወይም ነህምያ ኦቲዝም ማዕከል ሄደው መቼ እንደሚሰጥ ይጠይቁ።